በስልክዎ ላይ ተከፍቶ ስለነበረው በር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ብሥራት፣ የዋንዛ ሥር መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር፤
መቱ።

ግልባጭ፦ ለዕድሩ አባላት በሙሉ፤ እንዲሁም ዝናብ ሲጥል ከሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልሎ የተለጠፈ ወረቀት ለሚያነብ ሰው ሁሉ።

ክቡር ሊቀመንበር፣

የማክበር ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ እርስዎ በጤና፣ ቤትዎ በሰላም፣ ስልክዎም ባትሪው ሞልቶ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ደኅንነት ለመጠየቅ አስበው ከሆነ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ኡርጌ ከመሞቷ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም በዚህ ዝናብ የማንን ጉልበት የማያመው አለ።

በክብር ማኅተምዎ ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ የላኩልኝ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ከሰልስቱ ማግስት ደርሶኛል። ዕድሜዬን አብዛኛውን በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ማኅተም ሲያምር አውቃለሁ፤ የእርስዎ አምሯል። በደብዳቤው ላይ እኔ ወልደሰንበት የተባልኩ አባል የዕድሩን ዘመናዊ በር በዲጂኖ ሰብሬ በማኅበሩ ንብረት ላይ ጉዳት ማድረሴ፣ በመጪው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ባልጠይቅ ግን ስሜ ከአባላት ተሰርዞ ወደፊት ስሞት ዕድሩ እንደማያውቀኝ ተገልጿል። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው ማን እንደሚቀብረውና ማን እንደማይቀብረው አስቀድሞ ቢያውቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ይሁን እንጂ ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ያልከፈልኩት የምስጋና ውለታ ስላለብኝ፣ እሱን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ሲባል ላስታውስ። የዕድራችን ዕቃ ቤት፣ ማለትም ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ መቆፈሪያው ሁሉ የሚቀመጥበት ባለ አንድ በር ግንብ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ጓጉንቸር ይዘጋ ነበር። ለቅሶ ሲደርስ እትዬ ዘውደነሽ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ይከፍታሉ፤ ለቅሶው ሲያልፍ ይዘጋሉ። እርስዎ በተመረጡ በዓመቱ ግን ይህ አሠራር ኋላ ቀር መሆኑን አስረድተውን፣ ዕቃ ቤቱ «ስማርት» እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ስማርት ማለት ብልህ ማለት ነው ብለው ሲተረጉሙልን ሁላችንም አጨበጨብን፤ በዕድራችን ውስጥ አንድ ብልህ ነገር እንዲኖር ማን ይጠላል።

ችግሩ ብልሆቹ ሁለት መሆናቸው ነበር። የመጀመሪያው «ጎጆ ክላውድ» የሚባለው ሲሆን፣ ይህን ይዞልን የመጣው ከረቫት ያሰረው የእህትዎ ልጅ ነው። በሩ ላይ የሚገጠመው ቁልፍ በኢንተርኔት ከሩቅ አገር ካለ ኮምፒውተር ጋር እየተገናኘ እንደሚሠራ፣ ሊቀመንበሩም የትም ሆነው በስልካቸው ሊከፍቱት እንደሚችሉ አስረዳን። «ቁልፉ ያለው በሩ ላይ አይደለም፤ ደመናው ላይ ነው» አለን። ኦቦ ኩምሳ፣ እንደሚያውቋቸው ለነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው ተነሡና «ልጄ፣ በኢሉባቦር ደመና ይዘንባል እንጂ አደራ ይዞ አይቀመጥም» አሉት። ሰው ሳቀ፤ እርስዎ ግን ሥነ ሥርዓት ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

ሁለተኛው «ማና» የሚባለው ነው፤ በኦሮምኛ ቤት ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ለሚኖር መንገር አያስፈልግም። ይህን ያቀረበችው የኦቦ ኩምሳ ልጅ ሲፋን ነበረች። በዕቃ ቤቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትቀመጣለች፤ አጠገቧ የደረሰና የተፈቀደለት ስልክ ሁሉ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረ፣ ከሳጥኗ ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ ያስከፍታል አለች። ልጅቷ ከዚህ ሌላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሉን አስታውሰዋለሁ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመረጥ የሚጠየቀው ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ አይደለም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ነው» አለች። የእህትዎ ልጅ ደግሞ ፈገግ ብሎ «ኔትወርክ የሚጠፋበት ዘመን አልፏል» ሲል መለሰላት። ይህን ሲናገር ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር።

ባለቤቴ ኡርጌም በዚያ ስብሰባ እጇን አውጥታ ነበር። የሴቶቹ ምግብ ክፍል ኃላፊ ስለነበረች የጠየቀችው ስለ ሥራዋ ነው። «ጋሼ ብሥራት፣ እኛ ድስት ስንፈልግ በማን ስልክ ነው የምንገባው?» አለች። እርስዎም በታወቀው ቸርነትዎ «በእኔ ስልክ ነዋ፣ እትዬ ኡርጌ! የትም ብሆን እከፍትላችኋለሁ» አሉ። ኡርጌ ተቀመጠች። ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ ላይ «ሰውዬው ደግ ናቸው፤ ብቻ ስልካቸው እንደሳቸው ደግ መሆኑን ማን ያውቃል» ብላኝ ነበር። ሐሜት እንዳይሆንብኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎ።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ የሚለው ክርክር እሑድ ከእሑድ ሲጓተት ከርሞ፣ በመጨረሻ እርስዎ ማንም እንዳይከፋ የሚያደርገውን ውሳኔ አሳለፉ፤ ሁለቱንም መረጡ። በሩ ለጎጆ፣ መብራቱ ለማና ተሰጠ። ዕቃዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ነው ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደማይነጋገሩ የተነገረን፤ የአንዱን ቋንቋ ሌላው አይሰማም፣ እንዲግባቡ ከተፈለገም «ድልድይ» የሚባል ሦስተኛ ዕቃ ይገዛል ተባልን። ኦቦ ኩምሳ አሁንም ተነሥተው «በአንድ ግቢ እየኖሩ የማይነጋገሩ ጎረቤቶችን ሽማግሌ ነው የሚያስታርቃቸው፤ ድልድይ ከምንገዛ ሽማግሌ እንላክባቸው» አሉ። ይህ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ቀረ።

አሮጌው ጓጉንቸር ወልቆ፣ ቀለበቱም በመጋዝ ተቆርጦ፣ ቦታው በሚያብለጨልጭ ብረት ተሸፈነ። ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ አየን። እትዬ ዘውደነሽ በመቀነታቸው የሚቋጥሩት ቢያጡ፣ ለጊዜው ቁራጭ ዝንጅብል ቋጠሩበት።

ሁለተኛ፤ ኡርጌ ባረፈች ቀን ስለሰጡን ፈጣን አገልግሎት አመሰግናለሁ።

ኡርጌ በጠዋት በሆስፒታል ዐረፈች። ሕመሟ የቆየ ስለነበር ድንገት ነው አልልም፤ ለእኔ ግን ድንገት ነበር። አስከሬኗ ቤት ሲገባ ዝናቡ ጀመረ። የመቱን ዝናብ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሴቶቹ እንኳ ሳይበቃቸው በረንዳውን ሞሉት፤ ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ቀሳውስቱ ደረሱ። ኦቦ ኩምሳም እንደ ልማዱ ሰዎች አስከትለው ድንኳኑን፣ ወንበሩንና መቆፈሪያውን ሊያመጡ ወደ ዕቃ ቤቱ ወጡ። እኔ ሐዘንተኛ ነኝና ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ የሆነውን ሲፋንና ኦቦ ኩምሳ በኋላ ነግረውኛል፤ እየተቀባበሉ፣ አንዳንዴም እኩል እየተናገሩ።

መብራት በዝናቡ ጠፍቷል። ኢንተርኔቱም አብሮት ሄዷል። ሰዎቹ በሩ ፊት ሲደርሱ ግን የማና መብራት ሰው ሲቀርብ በራሱ ባትሪ እንዲበራ ሆኖ ስለተሠራ፣ የዕቃ ቤቱ ውስጥ ቦግ አለ። በመስኮቱ ፍርግርግ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ይታያል፤ ድስቶቹ በተርታ ተደርድረው ያንጸባርቃሉ፤ አካፋውና ዲጂኖው ከግድግዳው ተደግፈዋል። ክቡር ሊቀመንበር፣ በታሪካችን የዕድሩን ንብረት እንደዚያ ቀን አጥርተን አይተነው አናውቅም። ለማየት ብቻ ከሆነ የምንፈልገው፣ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

እርስዎ ጅማ ለዐውደ ጥናት ሄደው ነበርና ተደወለልዎት። ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይገባ ነበር። ንግግሩን እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ፤ ከቃልዎ ያጎደልኩት ካለ እሑድ ያርሙኛል።

«አትጨነቁ፣ አሁን እከፍተዋለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ተከፍቷል!» አሉ።

«አልተከፈተም፣ አቶ ብሥራት» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

«ስልኬ ላይ አረንጓዴ ሆኗል እኮ!»

«ማል ጄዳ?» ብለው ኦቦ ኩምሳ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው።

«ተከፍቷል ነው የሚለው!» አሉ እርስዎ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው።

«እዚህ ግን ዝግ ነው።»

«እንግዲያ ግፉት! ስልኩ ይዋሻል እንዴ?»

ገፉት። ዝናቡ በአንገታቸው እየገባ፣ አንድ ሁለት እያሉ፣ በትከሻቸው ገፉት። ሲፋን በስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ክፈት ያሉት ደመናውን ነው፤ ደመናውም እሺ ብሏል። በሩ ግን ኢንተርኔት ስለሌለው አልሰማም» ብላ ብታስረዳዎት፣ «እኔ በበኩሌ ከፍቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ድክመት ነው» ብለው ወደ ሻይ ዕረፍትዎ ገቡ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከፍርድ ቤት በጡረታ ከወጣሁ በኋላም እንኳ በአድናቆት ደጋግሜ አስባለሁ። ስንት ባለሥልጣን ይህን ለመናገር ፈልጎ ቃሉ ጠፍቶበታል።

መቃብሩን የቆፈሩት ከጎረቤት ዕድር በተለመነ አካፋና የዕቃ መደብር ካላቸው ከአቶ ሸምሱ በተዋስነው ዲጂኖ ነው። አቶ ሸምሱ የሱቃቸውን ሸራ እንኳ ከነገመዱ ፈትተው ሰጡን፤ ሸቀጣቸው ዝናብ እየመታው። በዚያች ሸራ ሥር ቀሳውስቱና ጥቂት አሮጊቶች ተጠለሉ። እትዬ ዘውደነሽ «ለእኔ አይገባም፣ ከሴቶቹ ጋር እሆናለሁ» ብለው ዝናብ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ደግሞ ድስት ስለሌላቸው ከየቤቱ ትንንሽ ድስት እየለቀሙ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ የአንድ ሠፈር ወጥ ሊሠሩ ይታገሉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ተቀምጫለሁ። ማስጠንቀቂያዎ ላይ «በስሜታዊነት ተነሣሥቶ» የሚል ስላለ፣ የተነሣሁበትን ምክንያት ለመዝገቡ ትክክለኛነት ልግለጽ።

የኡርጌ ታላቅ ወንድም ኦቦ ጉርሙ፣ ሕመሟ መጽናቱን ሰምተው በዋዜማው ተነሥተው ኖሮ፣ ከዳሪሙ በእግራቸው መጡ። ያን የጭቃ መንገድ፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜ። ቡሉኮአቸው ውኃ ጠጥቶ ከትከሻቸው ይወርዳል። አልቅሰው ሲያበቁ ዙሪያውን አዩ። ድንኳን የለም። ወንበር የለም። የቆመው ሕዝብ ግን ብዙ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ በዝግታ፣ «ወልደሰንበት፣ እህቴ ዕድር አልነበራትም እንዴ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ኡርጌ በዚህ ሠፈር የለቅሶ ድስት ሳትጥድለት የቀረ ቤት ካለ ይንገሩኝ። የእርስዎ እናት ያረፉ ጊዜ፣ ምድጃው አጠገብ እጇ ተቃጥሎ ሳትናገር ውላ፣ ማታ ቤት ስትገባ ነው ያየሁባት። «ለሰው ለቅሶ ሄጄ ስለ ጣቴ ላውራ?» ነው ያለችኝ። ወደ ወንድሟ ዞርኩ። አላት ብላቸው ወዴት አለ ይሉኛል። የለም ብላቸው ውሸት ነው። ስልክ ላይ አለ ብዬ እንዳልነግራቸው ደግሞ ቋንቋው አልመጣልኝም።

ተነሣሁ። «ሐዘንተኛ አይነሣም፣ ተቀመጥ» ብለው በሁለት ወገን ያዙኝ። ለቀቁኝ እንጂ አልታገልኳቸውም፤ ፊቴን አይተው ይመስለኛል። ከመቃብር የተመለሱት ቆፋሪዎች የአቶ ሸምሱን ዲጂኖ ከአጥሩ አስደግፈውት ነበር፤ አንሥቼ ወደ ዕቃ ቤቱ ወጣሁ። ሰው ተከተለኝ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አላገዘኝም። ብልሁ መብራት እንደቀረብኩ ቦግ ብሎ ተቀበለኝ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ለሐዘንተኛ ክብር የሰጠው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ልቅሶው አመሰግናለሁ።

ዲጂኖውን በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቼ ስጫነው፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሲለመን ዝም ያለ ቁልፍ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! ለመክፈት ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ዕቃ ለመጮህ አያስፈልገውም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎች ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላ እያዘቀዘቁ መጡ። በሩ ተገነጠለ፤ ቁልፉ ከነብረቱ መሬት ወደቀ፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም። ሲፋን ባትሪውን ልታወጣ ብትል መፍቻ የለም። መፍቻ ፍለጋ ተሄደ። ቤት ቀሳውስቱ ፍትሐት ሊጀምሩ ነው፤ እዚህ ሰው እርስ በርሱ አይደማመጥም። በዚህ መሐል ኦቦ ኩምሳ ቀረብ አሉ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ያን ቁልፍ እንደ ሕፃን ጠቀለሉት፤ ከአግዳሚው ወንበር ላይ አኖሩትና ተቀመጡበት።

ድምፁ ታፈነ። ከሥራቸው ግን ጢጥ ጢጥ ይላል። ኦቦ ኩምሳ በታላቅ ግርማ፣ ሁለት እጃቸውን ከምርኩዛቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ፊት እያዩ፣ «ቀጥሉ፤ እኔ ይዤዋለሁ» አሉ።

ሳቅሁ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ በሳጥን ተኝታ፣ እኔ ዝናብ ውስጥ ቆሜ፣ ዲጂኖ ይዤ ሳቅሁ። በመጀመሪያ ሰው ደነገጠ፤ ቀጥሎ እትዬ ዘውደነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም። ኡርጌ ይህን ብታይ እንዴት እንደምትሥቅ፣ እንዴት ወገቧን ይዛ «በቃ፣ በቃ» እንደምትል ታየኝና፣ ዘወር ብዬ ልነግራት ስል የለችም። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣኝም ነበር። ያን ጊዜ ወጣ። ስለዚህ ለቁልፍዎ ያለኝ ምስጋና ቀልድ እንዳይመስልዎት፤ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ሴቶቹ የኡርጌን ድስቶች ተቀባብለው አወጡ። ኦቦ ጉርሙ ወንበር ተሰጣቸው፤ ተቀምጠው ድንኳኑን ቀና ብለው ካዩ በኋላ እጄን ያዙኝ። ቀብሯ በወግ ተፈጸመ። ዕድር ያላት ሴት ሆና ተቀበረች።

አራተኛውን ቁጥር ለምስጋና አዘጋጅቼው ነበር፤ የምጽፍበት ግን አጣሁ። እስቲ የሆነውን እንዳለ ልንገርዎ።

ከጅማ የተመለሱ ዕለት ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደው በሩን እንዳዩ፣ ስብርባሪውን እየሰበሰቡ በስልክዎ ፎቶግራፍ እንዳነሡ ሰው ነግሮኛል። ከዚያ እኔ ቤት ድረስ የአሥር ደቂቃ መንገድ አይሞላም። ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር፤ ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ከቡሬ ድረስ የመጣ ሰው፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ሄዷል። አቶ ሸምሱ ሁለት ጊዜ መጡ። እኔ ደግሞ፣ ይመጣሉ ብዬ፣ ከጎኔ ያለውን ወንበር አንድ ሁለት ቀን ባዶ አስቀምጬልዎት ነበር። የመጣው ማስጠንቀቂያው ነው። አንብቤ ጨርሼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ አንድ ነገር ያለፈኝ መስሎኝ ነው። ስለ በሩ አለ፣ ስለ ብረቱ አለ፣ ስለ መቃኑ እንኳ ሳይቀር አለ። የኡርጌ ስም አንድ ቦታ አልተጠራም። በዚያ ስልክም ላይ፣ ያን ሁሉ ሲነጋገሩ፣ «ማን ሞተ?» ብለው አልጠየቁም። ኦቦ ኩምሳን በድጋሚ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አልጠየቁም።

ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እሑድ እመጣለሁ። ይቅርታም እጠይቃለሁ፤ ሰው በስተርጅና ትዕቢት አያምርበትም። ዝናብ ላይ የቆሙትን እትዬ ዘውደነሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኦቦ ጉርሙን፣ ያን ጥያቄ ስለጠየቁኝ ሳይሆን እንዲጠይቁ ስላደረግናቸው፣ ዳሪሙ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዲጂኗቸውን ስላጣመምኩባቸው አቶ ሸምሱን ይቅርታ ብያቸዋለሁ፤ «ለበጎ ሥራ ነው የጠመመው፣ እንዳለ ይቀመጥ» አሉኝ። ሲፋንን ደግሞ በዚያ ስብሰባ እውነቱን ስትናገር ዝም ብዬ ስለሰማሁ፣ ከሁሉም አስቀድሜ። ለበሩ ግን ይቅርታ የለኝም፤ እሱ ከእኔ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ የተገናኘው ከደመና ጋር ነው።

እርስዎ በሌሉበት አባላቱ ተሰብስበው የእንጨት በር ማሠራታቸውንና ተራ ጓጉንቸር መግጠማቸውን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ቁልፉ በሦስት ቤት ይገኛል፤ አንዱ እትዬ ዘውደነሽ ጋር ነው። የማና መብራት እንዲቆይ ተወስኗል፤ ሲፋን በግልጽ እንደነገረችን እሱም አንድ ቀን ይበላሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን የምናጣው ብርሃን ነው እንጂ ድንኳን አይደለም። የእህትዎ ልጅ ሁለቱን የሚያስታርቀውን ድልድይ ለመግዛት ያቀረበው ሐሳብ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ቀርቷል፤ ከሚታረቁት አካላት አንደኛው ከኦቦ ኩምሳ ክብደት በኋላ ቃል መተንፈስ ስላልቻለ።

ጉባኤው እኔን ለመሰረዝ ከወሰነ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ስረዛው በብዕርና በወረቀት፣ በእጅዎ ይሁን። በስልክዎ ላይ ተሰርዤ፣ በሠፈሩ ግን እንደነበርኩ እንዳልቀር እፈራለሁ፤ ሰዎቹ ሳያውቁ በስህተት ይቀብሩኛል።

ለማኅበራችን ዕድገት የሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት ኔትወርክ በማይጠፋበት ሥፍራ ሁሉ ፍሬ እንዲያፈራ እየተመኘሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ከዕድሜዎ ጋርም ወደ ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው የአሥር ደቂቃ መንገድ እንዲያጥርልዎ እየጸለይኩ፣ በወደቀ በር፣ በቆመ ድንኳንና በማይናወጥ አክብሮት ስንብቴን አቀርባለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ እስከ እሑድም ድረስ የዕድሩ አባል፣
ወልደሰንበት
(የወይዘሮ ኡርጌ ባለቤት)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ልዘጋ ስል የኡርጌ ስልክ ጮኸ። ልጆቻችን ድምፅዋ ተቀርጾበታል ብለው አላጠፉትም ነበር። በቅርቡ ቀብር ላይ መገኘትን በስልክ እንዲቆጣጠር ካስገቡት አዲስ አሠራር የተላከ መልእክት ነው። «ውድ አባል ወይዘሮ ኡርጌ፦ ባለፈው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ስላልተገኙ ቀሪ ተብለው ተመዝግበዋል። ምክንያትዎን በአካል ቀርበው ያስረዱ» ይላል። ስልኳን ለካ ቤት ትተን ነው የቀበርናት። በእኔ በኩል ከሁላችን ቀድማ መገኘቷን፣ እስከ መጨረሻውም መቆየቷን፣ ብቻዋንም እዚያው መቅረቷን በምስክርነት አረጋግጣለሁ። ከመልእክቱ ግርጌ ደግሞ በቀብሩ ላይ «ተገኝተዋል» የተባሉት አባላት ስም ተዘርዝሯል፤ የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።